ቀለም የሌለው አይሮፕላን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ለቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የሚሰቀል አንድ የወረቀት አይሮፕላን እንዲሠራ ተስማምተን ነበር። አይሮፕላኑም ዲ.ሲ. 3፣ በወታደር ስሙ ሲ-47፣ እንግሊዞች ዳኮታ ብለው የጠሩት እንዲሆን ያለ ብዙ ክርክር ተወሰነ። ክርክሩ የተነሣው ስለ መልኩ ነው። ከፊሎቻችን «የብር ቀለም በስፕሬይ ረጭተን በአንድ ከሰዓት በኋላ እንጨርሰው» አሉ፤ ከፊሎቻችን ደግሞ ይህ አይሆንም አልን። ጉዳዩ በሚመጣው ዓርብ በድምፅ ስለሚወሰን፣ ከሁለተኛው ወገን የሆንሁት እኔ አሳቤን በዝርዝር እንዳስረዳ ተፈቅዶልኛል።

አንድ መምህራችን ትናንት በፈገግታ፣ «ለወረቀት መጫወቻ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። የድርጅቱ የመጀመሪያ አይሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉና ከአሜሪካ መንግሥት የተገዙ 5 ሲ-47ዎች ነበሩ። መቀመጫቸው እንደ ዛሬው በረድፍ የተደረደረ ሳይሆን ግራና ቀኝ በግድግዳው በኩል የተዘረጋ ነበር፤ በመካከል ዕቃ ይጫናል፤ መንገደኛውም ጭነቱን እያየ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአገር ውስጡን መስመር ሸክም የተሸከመው ይኸው ዓይነት አይሮፕላን ነው፤ ደብረ ማርቆስም ከሚያርፍባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ዓባይ ሦስት ጎኑን ለከበበው ለጎጃም፣ ያውም መንገዱ በክረምት ጭቃ በሚሆንበት ዘመን፣ ይህ ነገር ምን ማለት እንደ ነበረ የደጀንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል።

ይህን አይሮፕላን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በከተማችን ዛሬም አሉ። በሰፈራችን ያሉ አንድ አባት ስለ ቀለሙ ብጠይቃቸው፣ «ቀለም? ምን ቀለም አለው! ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብር ነበር እንጂ» አሉኝ። እኝህ ሰውና እንደ እርሳቸው ያሉ ሁሉ አዳራሹ ገብተው ያን ሞዴል ቀና ብለው ማየታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ «እርሱ ነው» ይላሉ ወይስ «ምንድን ነው?» ይላሉ? የተሰቀለው ዕቃ የሚመዘነው በዚህ ነው። እንግዲህ ክርክራችን ሲጠቃለል፣ ቀለም የሌለውን ነገር ቀለም እንቀባው ወይስ አንቀባው የሚል ይሆናል።

አይሮፕላኑ ለምን ሳይቀባ ቀረ? ቀለም ክብደት አለው፤ ጊዜና ገንዘብም ይፈጃል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ አብዛኞቹን የጦር አይሮፕላኖቻቸውን መቀባት የተዉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለማድረግ የቻሉት ግን ብረቱ ራሱ ስለ ፈቀደላቸው ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ እንደምታውቁት ስስ ድስት በእጅ ይጎብጣል። አልፍሬድ ቪልም የተባለው ጀርመናዊ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ መዳብና ጥቂት ማግኒዚየም የተቀላቀለበትን አሉሚኒየም ማጠንከር ቻለ፤ ይህም ዱራሉሚን ተባለ። ዱራሉሚን ጠንካራ ቢሆንም እርጥበት ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በሁለቱም ገጹ ላይ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን አለበሱት፤ አልክላድ የሚባለው ይህ ነው። ያ አባት ያዩት ብልጭታ እንግዲህ የውስጠኛው ጠንካራ ብረት ሳይሆን የላይኛው የንጹሕ አሉሚኒየም ቆዳ ብልጭታ ነበር። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ብርሃን ነገር እንሂድ። የፊዚክስ ተማሪዎች የምታውቁትን ስናገር ታገሡኝ። ነጭ የተቀባ ግድግዳ ከየትም ብታዩት ነጭ ነው፤ የወደቀበትን ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋልና። አዲስ የተመታ ቆርቆሮ ግን እንዲህ አይደለም። ከአንድ ወገን ስታዩት እሳት ይመስላል፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ ግራጫ ይሆናል፤ ደመና ሲመጣ ደመናውን ይመስላል። ብረት የራሱ መልክ የለውም ለማለት ጥቂት ይቀራል፤ በዙሪያው ያለውን ይዋሳል። የዳኮታ ጀርባ ሰማዩን፣ ሆዱ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ሜዳ ይዞ ይሄድ ነበር። በማተሚያ መሣሪያ ግራጫ ሆኖ የታተመ ወረቀት የማያሳምነው ለዚህ ነው። ግራጫውን ቢያሳምሩት፣ ጥላና ብልጭታ ቢስሉበት እንኳ፣ የተሳለው ብልጭታ አይንቀሳቀስም፤ ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ ውሸቱ ይታወቃል።

የብር ቀለም ከዚህ ይሻላል። በውስጡ እጅግ የደቀቁ የአሉሚኒየም ቅርፊቶች አሉ። ነገር ግን ቅርፊቶቹ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተዘንብለው ስለሚደርቁ ብርሃኑን ግማሹን ይበትኑታል፤ ውጤቱም የውኃ ቧንቧ ወይም የግቢ በር የሚመስል አንድ ወጥ ብርማ ልባስ ነው። በወረቀት ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ቀለሙ የወረቀቱን ጭረት ያስነሣዋል፣ ላዩም ሻካራ ይሆናል። መጀመሪያ ቨርኒሽ ወይም ቀለም የለሽ የጥፍር ቀለም በስሱ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ከዚያ መቀባት ነገሩን ያሻሽለዋል። ግን ያም ሆኖ ቀለም ነው።

የቀረው መንገድ ፎይል ነው፤ ይኸውም በወጥ ቤት ምግብ የሚጠቀለልበት የአሉሚኒየም ወረቀት። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልሁት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ፎይል ንጹሕ ለማለት የሚቀርብ አሉሚኒየም ነው፤ የዳኮታም የላይኛው ቆዳ ንጹሕ አሉሚኒየም ነበር። ስለዚህ ፎይል የለበሰ የወረቀት ሞዴል ብረት የሚመስል ነገር አይደለም፤ በላዩ ያለው ራሱ ያው ብረት ነው። ውፍረቱም ቢሆን ያስደንቃል። የተለመደው የቤት ፎይል 0.016 ሚሊሜትር ያህል ነው። እኛ በ50 እጅ አሳንሰን ስለምንሠራ ይህን በ50 ብታበዙት 0.8 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የእውነተኛው አይሮፕላን ቆዳም በአብዛኛው በዚሁ አካባቢ ነው። ይህን ሒሳብ ያስላሁ ቀን በስፕሬይ ወገን የነበሩ ሁለት ጓደኞቼ ወደኛ ዞሩ።

ፎይል አንድ ወጥ አይደለም፤ ጥቅሙም በዚህ ነው። አንዱ ገጹ የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው የደበዘዘ መሆኑን አይታችሁ ይሆናል። ምክንያቱ በፋብሪካው ውስጥ በመጨረሻው መዳመጥ ሁለት ፎይል አንድ ላይ ተደርቦ ስለሚያልፍ ነው፤ የመዳመጫውን ብረት የነካው ወገን ያብረቀርቃል፣ እርስ በርሱ የተነካካው ወገን ይደበዝዛል። በተጨማሪም የመዳመጡ አቅጣጫ እንደ እንጨት ጭረት ስስ መስመር ይተውበታል። አንዱን ቁራጭ በቁመቱ፣ ጎረቤቱን በአግድሙ ብትለጥፉት፣ ሁለቱ በአንድ ብርሃን የተለያየ መልክ ያሳያሉ። የድሮ ፎቶግራፎችን አተኩራችሁ ብትመለከቱ፣ ያልተቀባ አይሮፕላን አካል እንደ ጥብቆ ቁራጭ በቁራጭ ተለያይቶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሠራተኛው ቆዳውን ሲቆርጥ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አድርጎ ቆርጦታልና። ስለዚህ አንድ ጥቅል ፎይል አራት ዓይነት ብረት ይሆናል ማለት ነው፤ ብሩህና ደብዛዛ፣ ቁመትና አግድም።

አምስተኛና ስድስተኛም ይጨመርለታል። እናቶቻችን ድስት በአመድ እንደሚፈትጉ፣ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አመድ በእርጥብ ጨርቅ ይዞ ፎይሉን በአንድ አቅጣጫ ማሸት ለስላሳና ልከኛ የሆነ ብሩህነት ይሰጠዋል፤ የጥርስ ሳሙናም ያንኑ ይሠራል። ጠቆር ያለ ብረት ለሚፈለግበት ቦታ፣ ለምሳሌ ለሞተሩ አካባቢ፣ ፎይሉን ጥቂት አመድ በተበተነበት ውኃ ለጥቂት ደቂቃ መቀቀል ነው። እንቁላል የተቀቀለበት የአሉሚኒየም ድስት ውስጡ እንደሚጠቁር አይታችኋል፤ ነገሩ ከዚያ አይለይም። አመዱ ከበዛ ግን ውኃው ፎይሉን ይበላዋል፤ ስሱ ነገር ተበሳስቶ ይወጣል።

ስለ ማስቲካና ስለ ሲጋራ ወረቀት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እውነተኛ ፎይል የተለጠፈበት ከሆነ ጀርባው ወረቀት ስለ ሆነ ኮላውን በደንብ ይመጣል፤ ለትንንሽ ቁራጮች ከወጥ ቤቱ ፎይል ይበልጣል። ነገር ግን ዛሬ ብዙው ብርማ ወረቀት ፎይል ሳይሆን የብረት ጭስ የተነፋበት ላስቲክ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በጣታችሁ አጥፉት፤ እንደታጠፈ ከቀረ ፎይል ነው፣ ተመልሶ ከተዘረጋ ላስቲክ ነው። የብስኩት መጠቅለያ እንደ መስታወት ያበራል፤ አይሮፕላን ግን መስታወት አልነበረም።

መለጠፉ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነውና። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚደርቀው ውኃው ሲወጣ ነው፤ ፎይል ደግሞ ውኃ አያሳልፍም። ስለዚህ ኮላው በዝቶ ከተቀባ ውኃው ሁሉ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ክንፉም እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። በሐምሌና በነሐሴ በደብረ ማርቆስ ብርድና እርጥበት ይህ ነገር ሁለት እጥፍ ይብሳል። መድኃኒቱ ኮላውን በጣት ወይም በካርቶን ጠርዝ እጅግ ስስ አድርጎ ማዳረስ፣ እስኪያጣብቅ ድረስ መጠበቅ፣ ከዚያ ፎይሉን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እያስተኙ በጥጥ ከመካከል ወደ ዳር ማሸት፣ በመጨረሻም በደረቅ ወረቀት መካከል አድርጎ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ማሳደር ነው። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ውኃ ስለሌለው ወረቀቱን አያሳብጥም፤ ነገር ግን አንዴ ከነካ አይላቀቅም፣ ክርም ይጎትታል፣ ሽታውም ለጤና ጥሩ ስላልሆነ መስኮት ተከፍቶ ካልሆነ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ እንዲከፈት አልመክርም።

ወረቀት በባሕርዩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል። ቱቦና ቀፎ ይሆናል፤ ኳስ ግን አይሆንም። የዳኮታ ወገብ ቱቦ ነው፤ ጅራቱ ቀፎ ነው፤ እነዚህን ወረቀቱ ገና ጠፍጣፋ ሳለ ፎይል አልብሶ ኋላ መጠቅለል ይቻላል፤ ፎይሉ በውጭ በኩል ይሁን እንጂ፤ በውስጥ በኩል ከሆነ ይሸበሸባል። አፍንጫው ግን ወደ ሁሉም ወገን የሚዞር ነው። እርሱን መጀመሪያ በወረቀት ቅጠሎች ቀርጾ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ፣ ፎይሉን በቀጫጭን ቁራጭ እየሰነጠቁ ማልበስና በማንኪያ ጀርባ ማለስለስ ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ሁለት ማታ ይበቃዋል ብዬ እገምታለሁ።

የማልበሱ ቅደም ተከተል ከጅራት ወደ አፍንጫ ይሁን። ቆርቆሮ መቺ ዝናቡ እንዳይገባ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እያደረበ እንደሚሄድ፣ የአይሮፕላንም ቆዳ ነፋሱ ከሥሩ እንዳይገባ የፊተኛው በኋለኛው ላይ ይደረባል። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል መደረብ ይበቃል። የተቆረጠው የወረቀት ጠርዝ ነጭ ሆኖ እንዳይታይ ከመገጣጠሙ በፊት በእርሳስ ግራጫ ይደረግ፤ አንዲት ነጭ መስመር የሁለት ሳምንት ድካም ታጋልጣለች። የቆዳውን መጋጠሚያ መስመሮች ለማሳየት ቀለሙ ያለቀበት እስክሪብቶና ማስመሪያ ይበቃሉ፤ ከሥሩ ደብተር አድርጎ ቀስ ብሎ መጫን ነው።

ምስማሮቹን ግን ተዉአቸው። በአይሮፕላኑ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የምስማር ራስ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሁሉንም በመርፌ ልንወጋቸው ያሰቡ ጓደኞች እንዳሉም ሰምቻለሁ። 5 ሚሊሜትር የሆነ የምስማር ራስ በ50 ሲካፈል 0.1 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከአንድ ፀጉር ብዙ አይበልጥም። በመርፌ የምንወጋው ነጥብ የዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ በእውነተኛው ላይ ቢለካ የቡና ስኒ የሚያህል ምስማር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን አይሮፕላን ማንም አልተሳፈረበትም።

አሁን ለእኛ ወገን የማይመች አንድ እውነት ልናገር። ዳኮታ ሁለንተናው ብረት አልነበረም። በክንፉ ጫፍ በኩል ያሉት ማዘንበያዎች፣ በጅራቱ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው መሪና ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርጉት ክንፎች ሁሉ ጨርቅ የለበሱና ብርማ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። እነዚህን ፎይል ብናለብሳቸው ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ የስፕሬይ ወገኖች የገዙት ጣሳ ከንቱ አይቀርም፤ በነዚህ ቦታዎች ላይ ትክክለኛው ነገር እርሱው ነው። እንዲያውም ደብዛዛው ቀለም ከፎይሉ አጠገብ ሲቆም ፎይሉን ይበልጥ ብረት ያደርገዋል። በክንፉ ፊት ለፊት በረዶ ማራገፊያ ጎማ ካለው ጥቁር ይሁን፤ ከአብራሪው መስኮት ፊት ያለው የአፍንጫ ራስም ብልጭታው የአብራሪውን ዓይን እንዳይወጋ ደብዛዛ ጨለማ ቀለም ይቀባ ነበር።

ነጭ ለሚሆነው ክፍል ነጭ ቀለም አንፈልግም። ወረቀቱ ራሱ ነጭ ነውና ሳናለብሰው እንተወዋለን። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩም መስመር፣ «ኢ.ቲ.» ብሎ የሚጀምረው የመለያ ፊደልም አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ይታተምና ፎይሉ ዙሪያውን ተቆርጦ ይለጠፋል። ቀለም በፎይል ላይ ይፋቃል፤ በወረቀት ላይ ግን አይነቃነቅም። የአየር መንገዱ አይሮፕላኖች መልክ በየዘመኑ ስለተለዋወጠ የአንድ ዓመት ፎቶግራፍ መርጠን በእርሱ ብቻ እንሂድ።

ስለ እድፍ አጭር ቃል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አይዝግም፤ በላዩ የሚሠራው ሽፋን የማይታይና ስስ ነው። ስለዚህ ቡናማ ዝገት በአካሉ ላይ የሚቀባ ሰው ቢኖር እጁ ይያዝልኝ። የሚያስፈልገው ከሞተሮቹ ጭስ መውጫ ወደ ኋላ በክንፉ ላይ የሚዘረጋ ጥቀርሻ ነው፤ ለዚህም የለስላሳ እርሳስ ዱቄት በጥጥ ማሸት ይበቃል። ከሆዱና ከጎማዎቹ በላይ ደግሞ አስፋልት ባልነበረው ሜዳ የሚያርፍ አይሮፕላን ነበርና፣ የአገራችን ቀይ አፈር ነው የሚያስፈልገው። አፈሩን ከውጭ አናስመጣም፤ ከግቢው ዝቅ ብሎ አለ።

በውጭ አገር ይህ ሥራ የልጆች ብቻ አይደለም። በፖላንድ «ማዊ ሞደላሽ» የተባለው የወረቀት ሞዴል መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1957 ተጀምሮ ለብዙ ትውልድ አይሮፕላንና መርከብ አስተምሯል። እውነተኛው ያልተቀባ አይሮፕላን ግን እየጠፋ ነው። አሜሪካን አየር መንገድ የሚያብረቀርቀውን አካል እ.ኤ.አ. በ2013 የተወው አዲሶቹ አይሮፕላኖች ከብረት ስላልተሠሩ ነው፤ የኛው አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አካሉ በአብዛኛው ከካርቦን ጭረት የተሠራ ስለ ሆነ ካልተቀባ አይሆንም። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ወደ ሰማይ አንጋጠው የብረት ብልጭታ ላያዩ ይችላሉ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ጣራ ሥር ካላዩት በቀር።

ወጪውን የሚጠይቅ ካለ፣ አንድ ጥቅል ፎይል ከአንድ ጣሳ ስፕሬይ አይበልጥም፤ የሚበልጠው ጊዜው ነው። ለዚህም አሥር ሰው ስሙን አስመዝግቧል።

ቁጥር የጻፍሁባቸው ሰባት ቁራጮች እስከ ዓርብ ድረስ በማኅበሩ ክፍል መስኮት ላይ ተለጥፈው ይቆያሉ። 1ኛው የታተመ ግራጫ፣ 2ኛውና 3ኛው የብር ቀለም፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ፎይል ናቸው። ቆማችሁ ሳይሆን ከበሩ ወደ መስኮቱ እየሄዳችሁ እዩአቸው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በቀጥታ ታገኛቸዋለች።